ሞዴል ባቡሬን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ልቀይር ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ — ከ«ጠባብ ሐዲድ»

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ዓመታት ስሠራበት የቆየሁትን የኤችኦ (1:87) ሞዴል ባቡር ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ቁጥጥር ለመቀየር ወስኛለሁ፤ ሆኖም ሥራውን ከየትኛው ጫፍ እንደምጀምር ግራ ስለገባኝ ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ መጣሁ።

ሐዲዱ የተዘረጋው የኤል ቅርጽ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን አንዱ ክንድ 4 ሜትር፣ ሌላው 2.5 ሜትር ያህል ይረዝማል። ዋናው መስመር ድርብ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ባቡሩ ዞሮ በመጣበት ሐዲድ የሚመለስበት ቀለበት አለ። ጠቅላላው ሐዲድ በስምንት ክፍል የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ማብሪያ ከሁለቱ የአናሎግ መቆጣጠሪያዎች ወደ አንዱ ይዞራል። ሁለት ባቡር በአንድ ጊዜ ሳንቀሳቅስ እጄ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ይልቅ ማብሪያዎቹ ላይ ነው የሚውለው፤ ባቡሩ ወደሚቀጥለው ክፍል ከመግባቱ በፊት ማዞር ከረሳሁ ወይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይ ሌላኛው መቆጣጠሪያ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ዲጂታልን የተመኘሁትም ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ነው።

አሥራ አንድ ሎኮሞቲቭ አለኝ። አራቱ የዲኮደር (የዲጂታሉን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ) መሰኪያ ያላቸው አዳዲስ ናቸው። ቀሪዎቹ አሮጌ ሲሆኑ ከእነርሱ ውስጥ በሁለቱ ላይ የሞተሩ አንደኛው ካርቦን በቀጥታ የብረት አካሉን ይነካል። የሐዲድ መቀየሪያዎቹ አሥራ አራት ሲሆኑ ሁሉም በኤሌክትሮማግኔት የሚሠሩ፣ በአዝራር የሚታዘዙ ናቸው።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። አሁን ያለውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ ነቅዬ እንደ አዲስ መዘርጋት አለብኝ ወይስ ሐዲዱ ላይ ያለውን እንዳለ ልጠቀም እችላለሁ? አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ዲኮደር ሊገጠምላቸው ይችላል? የመመለሻ ቀለበቱስ እንዴት ይሆናል? በመጨረሻም፣ ዲኮደር የሌለውን አንድ ሎኮሞቲቭ በአድራሻ ዜሮ ማንቀሳቀስ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ አሮጌዎቹን ሳልነካ ልተዋቸው ነው የማስበው።

መልስ — ከ«የማታ ፈረቃ»

ጤና ይስጥልን። የማዘዣ ሳጥኑን መርጦ ማምጣት የዚህ ሥራ ትንሹ ክፍል ነው፤ ድካሙ ያለው ከጠረጴዛው ሥርና ከሎኮሞቲቮቹ ሆድ ውስጥ ነው። ስለ ሎኮሞቲቮቹ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይመልስልዎታል ብዬ ስለማምን እኔ በሽቦው ላይ ልቆይ።

በቅድሚያ የሚለወጠው ምን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። በአናሎግ ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ቮልቴጁ ከ0 እስከ 12 ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገላበጥ አቅጣጫው ይገላበጣል። በዲሲሲ (በዲጂታሉ የትእዛዝ ስልት) ግን ሐዲዱ ባቡር ቆሞም ሆነ እየሄደ ዘወትር ሙሉ ቮልቴጅ፣ ለኤችኦ በተለምዶ ከ14 እስከ 16 ቮልት፣ ተሸክሞ ይኖራል። ይህ ቮልቴጅ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይገላበጣል፤ መልእክቱም ያለው በመገላበጡ ርዝመት ላይ ነው። የአንድ ቁጥር ምልክት እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮ ሰከንድ ሲፈጅ የዜሮ ግማሽ 100 እና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዲኮደሩ ይህን እያነበበ ለእርሱ አድራሻ የተላከውን ትእዛዝ ብቻ ይፈጽማል፤ ለዚህም ነው ሁለት ባቡር በአንድ ክፍል ውስጥ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው መሄድ የሚችሉት። ስልቱ ከጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ የመጣ ሲሆን የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደረጃ አድርጎ ስላጸደቀው የአንዱ አምራች ዲኮደር በሌላው ሳጥን ይታዘዛል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳይነቅሉ መሞከር ይችላሉ። ሁለቱንም የአናሎግ መቆጣጠሪያዎች ከሽቦው ፈጽመው ያላቅቁ፤ የዲጂታሉን ሳጥን በአንደኛው ቦታ ያስገቡና ስምንቱንም ማብሪያዎች ወደዚያው ጎን ያዙሩ። በቃ፣ ሐዲዱ በሙሉ ዲጂታል ሆነ። ነገር ግን አንዱ ጎን ዲጂታል፣ ሌላው ጎን አናሎግ ሆኖ እንዲቆይ በፍጹም አይፍቀዱ። የአንድ ሎኮሞቲቭ የፊት ጎማ ከክፍተቱ ወዲያ፣ የኋላው ወዲህ በሆነባት ቅጽበት ሁለቱ የኃይል ምንጮች በሎኮሞቲቩ ሽቦ በኩል ይገናኛሉ፤ ከሦስቱ አንዱ፣ ማለትም ሳጥኑ፣ መቆጣጠሪያው ወይም ዲኮደሩ፣ እዚያው ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ ግን ወፍራም አከፋፋይ ገመድ ከጠረጴዛው ሥር እንዲዘረጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ያየዋል፤ ስሌቱን አብረን እንየው። 6 ሜትር ርቀት ያለው ገመድ ደርሶ መልሱ 12 ሜትር ነው። ሽቦው 0.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ ተቃውሞው 0.42 ኦም ገደማ ይሆናል፤ 5 አምፔር ሲያልፍበት ከ2 ቮልት በላይ በመንገድ ይቀራል። በ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ ግን የሚቀረው 0.4 ቮልት ብቻ ነው። የቮልት መቀነሱን ባቡሩ ይችለዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሾርት ሲፈጠር ነው። በሐዲዱ ሩቅ ጫፍ ላይ አንድ ጎማ ቢስትና ሾርት ቢያደርግ፣ የቀጭኑ ሽቦና የላሉ የሐዲድ መጋጠሚያዎች ተቃውሞ ተደምሮ ጅረቱ ሳጥኑ ከሚቆርጥበት ልክ በታች ሊቀር ይችላል። ሳጥኑም ብዙ ባቡር እየሄደ ነው ብሎ ያስብና ዝም ይላል። 15 ቮልት በ4 አምፔር 60 ዋት ነው፤ ይህ ሙቀት በአንዲት ቀጭን ጎማ ወይም በዲኮደር ሽቦ ላይ ሲያርፍ ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ስለዚህ ገመዱን ከዘረጉ በኋላ በየአንድ ሜትሩ፣ ከተቻለም ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ አጭር መጋቢ ሽቦ በብየዳ ያያይዙ። ሁለቱን ገመዶች በሁለት ቀለም ይለዩ፤ ከስምንቱ ክፍሎች ሁለቱ ተገላብጠው ቢገኙ ምሽትዎን ሙሉ ይበሉብዎታል። ሲጨርሱ አንድ የብረት ሳንቲም ይውሰዱና በየክፍሉ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ያጋድሙት። ሳንቲሙ በነካበት ቦታ ሁሉ ሳጥኑ ወዲያው መቁረጥ አለበት። ያልቆረጠበት ቦታ ካለ ባቡር አያስገቡበት።

መልስ — ከ«ካውያ ያዥ»

የአድራሻ ዜሮን ነገር አስቀድሜ ልዝጋው። በአንዳንድ ሳጥኖች ይቻላል፤ የዜሮ ምልክቱን አንዱን ግማሽ በማርዘም ሐዲዱ ላይ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ አማካይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ሞተሩም በዚያ ይዞራል። ነገር ግን ባቡሩ ቆሞ ሳለም ሙሉው ተገላባጭ ቮልቴጅ በሞተሩ ጥቅል ውስጥ እያለፈ ስለሆነ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ይሞቃልም። በተለይ የብረት ማዕከል የሌለው ሞተር በዚህ ሁኔታ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አሮጌዎቹን ሳልነካ እተዋለሁ የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ ዲኮደር የሌለው ሎኮሞቲቭ ዲጂታል ሐዲድ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል።

አራቱ አዳዲሶች ቀላል ናቸው። የመሰኪያውን ዓይነት፣ ማለትም ባለ 8 እግሩን ወይም ባለ 21 እግሩን፣ አይተው ተመሳሳዩን ዲኮደር ይሰካሉ። ባለ 8 እግሩን ገልብጦ መሰካት ስለሚቻል ባለ አንድ ቁጥሩ እግር የቱ እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይግፉት።

ስለ አሮጌዎቹ ዝርዝር ውስጥ ልግባ፣ ምክንያቱም ዲኮደር የሚያቃጥለው ችኮላ እዚህ ጋ ነው። ዲኮደር ከመግዛትዎ በፊት እያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ በአናሎግ ያስኪዱት፤ በአናሎግ እየተንገጫገጨ የሚሄድ ዲጂታል አይፈውሰውም። ቀጥለው አምፔር መለኪያ በመካከል አስገብተው 12 ቮልት ይስጡትና ጎማዎቹን ለአንድ ሰከንድ ያህል በጣት ይያዟቸው። የሚያዩት ቁጥር ሞተሩ ሲታገት የሚወስደው ጅረት ነው። የኤችኦ ዲኮደሮች ዘወትር እስከ 1 አምፔር ያህል ይሸከማሉ፤ አሮጌ ሞተር ከዚያ በላይ ከወሰደ ኮሙቴተሩን (ካርቦኖቹ የሚነኩትን የሚዞር የመዳብ ክፍል) በአልኮል ያጽዱ፣ የካርቦኖቹን ስፕሪንግ ይዩ፣ ማግኔቱ ደክሞ እንደሆነም ይጠርጥሩ። ካልወረደ ከፍ ያለ አቅም ያለው ዲኮደር ይፈልጉለት።

ዋናው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ሁለቱም የሞተር ጫፎች ከሐዲዱም ሆነ ከብረት አካሉ ሙሉ በሙሉ መለየት አለባቸው። ካርቦናቸው አካሉን የሚነካው ሁለቱ ሎኮሞቲቮችዎ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። በእኔ እጅ ያለፈው ተመሳሳይ ሞተር ላይ አንደኛው ካርቦን የተቀመጠው በፕላስቲክ ውስጥ ቢሆንም ከኋላው የሚገፋው ስፕሪንግ በአካሉ ላይ ነበር የሚያርፈው። ስፕሪንጉን በቀጭን ፒንሳ አውጥቼ፣ ከሽቦ የላጥሁትን የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ካልሲ አልብሼው፣ ጫፉ ላይ ግራጫዋን ሽቦ በየድሁ። ከዚያ በቴስተር አንዱን ጫፍ ካርቦኑ ላይ፣ ሌላውን በተራ በአካሉ፣ በቀኝ ጎማዎችና በግራ ጎማዎች ላይ አድርጌ ለካሁ። ቴስተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቢጮህ ዲኮደሩን አልገጥምም ነበር። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ደጋግመው ይለኩ፤ አንዳንዱ ንክኪ የሚገኘው ሞተሩ በአንድ አቋም ላይ ሲቆም ብቻ ነው።

የሽቦዎቹ ቀለም በደረጃ የተወሰነ ነው። ቀዩ ከቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁሩ ከግራ ሐዲድ ኃይል ይቀበላሉ፤ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፤ ነጩ የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ መብራት ሲሆን ሰማያዊው የመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። አሮጌዎቹ አምፖሎች አንድ እግራቸው አካሉን የሚነካ ከሆነ እነርሱንም መለየት ይኖርብዎታል፤ እኔ በዚህ አልደክምም፣ አውጥቼ ኤልኢዲ ከ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር አስገባለሁ። በሞተሩ ጫፎች መካከል የተበየደ ትንሽ ካፓሲተር ካገኙ ይቁረጡት፤ ለአናሎግ ዘመን የሬዲዮ ሁከት መከላከያ የነበረው ለዲኮደሩ የሞተር ፍጥነት ልኬት እንቅፋት ነው።

አካሉን ከመዝጋትዎ በፊት በፕሮግራም ሐዲዱ ላይ ያስቀምጡት። ይህ ከሌላው የተለየ አጭር ሐዲድ ሲሆን ሳጥኑ ወደዚያ የሚልከው ጅረት ጥቂት ስለሆነ ስሕተት ካለ ጭስ ሳይወጣ «አላነበብኩም» ብሎ ይነግርዎታል። አዲስ ዲኮደር ሁሉ አድራሻው 3 ነው። እስከ 127 ያለውን አጭር አድራሻ ሲቪ 1 ውስጥ ይጽፋሉ (ሲቪ ማለት ዲኮደሩ ቅንብሩን የሚያስቀምጥበት ባለ ቁጥር ቦታ ነው)፤ በሲቪ 3 እና 4 ደግሞ ባቡሩ ቀስ ብሎ እንዲነሣና ቀስ ብሎ እንዲቆም ያደርጋሉ። በ11 ሎኮሞቲቭ ላይ 11 ጊዜ አድራሻ 3 ትተው አንዱን ሲያዙ ሁሉም እንዳይነሡብዎት አደራ። ይህ በእኔ ደርሷል፣ ሦስቱ መሬት ላይ ነው የተገኙት።

መልስ — ከ«ቀስ በል»

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ቢሆንም በአንድ ነገር አልስማማም። አሥራ አንዱም ዲጂታል መሆን አለበት ያለው ማን ነው? ሁለቱን አስቸጋሪዎች ከነታሪካቸው አናሎግ አድርጎ መተው ይቻላል። ለዚህ እኔ ያደረግሁት ከጠረጴዛው የሚወጣውን ገመድ በአንድ ተሰኪ መጨረስ ነው፤ ዲጂታሉ ሳጥን አንድ ሶኬት፣ አናሎጉ ሌላ ሶኬት አለው። ተሰኪው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማገናኘት በአካል አይቻልም። ማብሪያ ይረሳል፣ ተሰኪ ግን አይረሳም። ከመሰካትዎ በፊት የሌላኛውን ወገን ሎኮሞቲቮች ከሐዲዱ ማንሣት ብቻ ይጠበቅብዎታል።

የሐዲድ መቀየሪያዎቹንም አይንኩ። በአዝራራቸውና በራሳቸው የኃይል ምንጭ ይቀጥሉ። ኤሌክትሮማግኔቶቹ ለቅጽበት ብዙ ጅረት ስለሚስቡ ከሐዲዱ ኃይል ጋር ማያያዝ ሳጥኑን ሊያስቆርጠው ይችላል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ፦ ባቡር በተሳሳተ አቅጣጫ ወደ ቆመ መቀየሪያ ገብቶ ሾርት ሲያደርግ ሐዲዱ ኃይል ያጣል፤ መቀየሪያው ከሐዲዱ የሚበላ ከሆነ አስተካክለው ሾርቱን ሊያነሡ አይችሉም። ካፓሲተር እየሞላ በአንድ ምት የሚለቅ መሣሪያ ለአዝራሮቹ ካልገጠሙ እርሱን ይግጠሙ፤ ለጥቅሎቹም ዕድሜ ነው።

ስለ መመለሻ ቀለበቱ፦ ቀለበቱን በሁለቱም ጫፍ፣ ሁለቱንም ሐዲድ ቆርጠው ይለዩና በራስ ሰር በሚገለብጥ መሣሪያ በኩል ይመግቡት። ባቡሩ ክፍተቱን ሲሻገር መሣሪያው ሾርቱን ከዋናው ሳጥን ቀድሞ ያይና ይገለብጠዋል፤ የባቡሩ አቅጣጫ የሚወሰነው በዲኮደሩ እንጂ በሐዲዱ ስላልሆነ ባቡሩ ምንም ሳይሰማው ያልፋል። የተለየው ክፍል ከረጅሙ ባቡርዎ መርዘም እንዳለበት ልብ ይበሉ፤ የብረት ጎማ ያላቸው ፉርጎዎች በሁለቱም ጫፍ በአንድ ጊዜ ክፍተት ላይ ከሆኑ መሣሪያው የትኛውን እንደሚያስታርቅ ይጨንቀዋል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አምስት ሳምንት ሠርቼ ተመልሻለሁ። አከፋፋዩ ገመድ ተዘርግቷል፣ ዘጠኝ ሎኮሞቲቮች ዲኮደር ተገጥሞላቸዋል፤ ሁለቱን በ«ቀስ በል» ምክር ለአናሎጉ ተሰኪ ትቻቸዋለሁ። ቀለበቱ በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ፤ ባቡሩ ሳይቆም ሲሻገር ማየት ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነበር።

ሆኖም ሁለት ችግር አለብኝ። አንደኛው፣ የሳንቲሙ ፈተና በሁሉም ቦታ አልፎ ሳለ አንደኛው ሎኮሞቲቭ አልፎ አልፎ፣ በተለይም ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ ሳላዝዘው በሙሉ ፍጥነት ይፈተለካል። የማቆሚያ ትእዛዝ አይሰማም፤ የማቆመው ኃይሉን በማጥፋት ነው። ሁለተኛው፣ አንድ የተወሰነ ሎኮሞቲቭ በአንድ መቀየሪያ ላይ ሲያልፍ ሳጥኑ ይቆርጣል፤ ይኸው ሎኮሞቲቭ በአናሎግ ዘመን ለዓመታት እዚያው ላይ ያለ ችግር ሲያልፍ ኖሯል።

መልስ — ከ«ካውያ ያዥ»

የሚፈተለከው ሎኮሞቲቭ ዲኮደሩ የአናሎግ ፈቃድ ስላለው ነው። ብዙ ዲኮደሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በአናሎግ ሐዲድም እንዲሄዱ ተደርገው ይዘጋጃሉ፤ የዲጂታሉ ምልክት ሲበላሽባቸው ወይም ለቅጽበት ሲጠፋባቸው አናሎግ ሐዲድ ላይ ያሉ ይመስላቸውና ያገኙትን 15 ቮልት በሙሉ ለሞተሩ ይሰጣሉ። ሲቪ 29ን ያንብቡ። 6 ከሆነ 2 ያድርጉት፤ ረጅም አድራሻ ሰጥተውት 38 ከሆነ ደግሞ 34። የሚቀነሰው 4 የአናሎጉ ፈቃድ ነው።

ይህ ግን መፈተለኩን ይከለክላል እንጂ ምልክቱ ለምን እንደሚበላሽ አይመልስም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሐዲዱን ሲገዙ አብሮ የመጣው የመመገቢያ ቁራጭ፣ ሁለት ሽቦ የሚሰካበት፣ አሁንም እቦታው ላይ አለ? በውስጡ ብዙ ጊዜ የሬዲዮ ሁከት መከላከያ ካፓሲተር ይኖራል። ለአናሎግ ምንም አይልም፤ የዲሲሲን ስል ጠርዞች ግን ያደነዝዛል። ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍተው ይዩ።

ሁለተኛው የጎማ ጉዳይ ይመስለኛል። ጎማዎቹ እርስ በርስ ከሚገባው በላይ ከተቀራረቡ የጎማው ጀርባ የመቀየሪያውን የተከፈተ ምላስ ይነካል። በአናሎግም ሾርት ነበር፤ ለሺኛ ሰከንዶች የሚቆይ ስለነበርና ባቡሩ በፍጥነቱ ስለሚያልፈው አላስተዋሉትም። ዲጂታሉ ሳጥን ግን አያልፈውም። በካሊፐር የሁለቱን ጎማዎች የውስጥ ርቀት ይለኩ፤ ለኤችኦ 14.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

ከጠያቂው

የመመገቢያ ቁራጩ እቦታው ነበር፤ አዲሱን ገመድ ስዘረጋ አሮጌውን መንቀል ለምን ብዬ ትቼው ነበር። ክዳኑን ስከፍት የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ካፓሲተር በሁለቱ እግሮች መካከል ተበይዳ አገኘሁ። ቆረጥኋት። ሲቪ 29ንም 2 አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲህ ኃይሉን ሃያ ጊዜ ያህል አጥፍቼ ባበራም ሎኮሞቲቩ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

የመሪው ጎማ ርቀት 13.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እያዞርሁ በቀስታ ሳብሁትና 14.4 ላይ አቆምሁት፤ ዛሬ ማታ በዚያው መቀየሪያ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ደጋግሞ አለፈ። ማብሪያዎቹን ገና አልነቀልኋቸውም፤ ስምንቱም ወደ አንድ ጎን ዞረው በናስትሮ ታስረው ተቀምጠዋል።